የቆንቋናዋ ማሽኖች

መሥሪያ ቤት ውስጥ ቆንቋና የሚል ቅጽል ስም የሚወጣለት ሰው ብዙ ጊዜ ሻይ የማይጋብዝ ሰው ነው። እሷ ግን ሻይ ትጋብዛለች፤ ሲያሻት ኬክም ትጨምራለች። ቆንቋና ያሰኛት የኮምፒውተር ሜሞሪ ነው። ሌላው ፕሮግራመር እጁን ዘርግቶ የሚሰጠውን እሷ ግማሹን ትቆርጣለች፤ ከግማሹም ላይ ትሸርፋለች። «ይቺን ፕሮግራም በዚህች ሜሞሪ አስኬድኳት!» ብላ ስትናገር ያያት ሰው ሩጫ አሸንፋ የመጣች ይመስለዋል። ቅጽል ስሙ ሲወጣላት አልተቀየመችም። እንዲያውም ደረቷን ነፋች። ሰው በስድብ ደረቱን ሲነፋ የሆነ ነገር እንደጎደለው ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረባት፤ አልጠረጠረችም።

ሥራቸው ማሽን ሳይኖር ማሽን መሥራት ነው። አንድ ፋብሪካ የውሃ ፓምፕ የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሊያመርት ሲያስብ ቦርዱ ተመርቶ እጅ እስኪገባ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ የቦርዱን ፕሮግራም የሚጽፉት ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው እንዳይቀመጡ፣ እነ ቆንቋና ቦርዱን በፕሮግራም ብቻ አስመስለው ይሠሩላቸዋል። ብረት የለው፣ ሽቦ የለው፤ ላፕቶፕ ላይ በአንዲት መስኮት ይከፈትና እንደ እውነተኛው ቦርድ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ይጠፋል። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። አብራት የምትኖረው እናቷ ደግሞ «የውሸት ማሽን» ትለዋለች። ቆንቋና ይህን ለማረም ብዙ ደክማ ስታበቃ፣ እናቷ ያለችው ከመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ይልቅ ግልጽ መሆኑን ተቀብላ ተወችው።

ከአጠገቧ ያለው ጠረጴዛ የጠርጣራው ነው። ጠርጣራው በሩን ቆልፎ ደረጃ ከወረደ በኋላ ተመልሶ ወጥቶ እጀታውን የሚነቀንቅ ሰው ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ነገር የማይወድ፣ ጸጉሩ ቀድሞት የሸበተ። ፕሮግራም ሲጽፍ «ይህ ባይሆንስ? ያ ቢጎድልስ?» እያለ በየመስመሩ ማጣሪያ ያስገባል። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ አንዱ የጻፈው ሌላው አይቶ ካላጸደቀው ሥራ ላይ አይውልም፤ የጠርጣራው ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለቆንቋና ነው። ቀናሽና ጨማሪ አንድ ላይ ተቀመጡ ማለት ነው።

አንድ ቀን ጠርጣራው አዲስ ማጣሪያ ጽፎ ላከላት። ነገሩ ቀላል ነበር። ማሽን ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃና ሌላውን ሁሉ የሚቀሰቅስ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ፈርምዌር ይባላል። ፈርምዌሩ ሥራ ለመጀመር የተወሰነ ሜሞሪ ይፈልጋል። ተጠቃሚው ለቨርቹዋል ማሽኑ ከዚያ ያነሰ ከሰጠው፣ ፈርምዌሩ በሌለ ቦታ ላይ ሊቀመጥ ሄዶ እዚያው ጠፍቶ ይቀራል። ጩኸት የለ፣ መልእክት የለ፤ መስኮቷ ጥቁር እንደሆነች ትቀራለች። ጠርጣራው ያሰበው ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የተሰጠው ሜሞሪ ለፈርምዌሩ መብቃቱን አይቶ፣ ካልበቃ ይህንኑ ተናግሮ እንዲቆም ነበር።

ቆንቋና አነበበችና ሳቀች። ከሥር እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦ «ለፈርምዌሩ እንኳን የማይበቃ ሜሞሪ ሰጥቶ ማሽን ሊያስነሳ የሚሞክር ሰው ካለ፣ የሚያስፈልገው መልእክት ሳይሆን ሐኪም ነው። ውድቅ።»

የጻፈችውን ክፍሉ ሁሉ አይቶ ሳቀ። ጠርጣራውም ፈገግ ብሎ ማጣሪያውን አነሳ። እሷም «ዛሬስ ጥሩ አልኩ» እያለች ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላት ዋለ። አሁን ያቺን አረፍተ ነገር ስታስታውስ ጥርሷን ትነክሳለች፤ ግን ቀልዱ መጥፎ ነበር አትልም። ቀልዱ ጥሩ ነበር። አድራሻው ነው የተሳሳተው።

ብዙም ሳይቆይ የፓምፕ ፋብሪካው ዋና ኢንጂነር ሥራውን ለማየት እንደሚመጡ ተነገረ። አለቃቸው ቆንቋናን ጠርቶ «ሦስት ቦርድ ባንድ ላይ ሲሠራ አሳዪያቸው። ሦስት ይበቃል» አላት።

ሦስት ይበቃል! ለሷ እንዲህ ይባላል? ወንበሯ ላይ ሳትደርስ ልቧ አብጦ ነበር። ስድስት አሳያለሁ አለች በሆዷ፤ ያውም በዚህች አሮጌ ላፕቶፔ። የላፕቶፑ ሜሞሪ ለስድስት እንደማይበቃ ታውቃለች፤ ታዲያ መቆንቆን ለመቼ ነው? ለእያንዳንዱ ማሽን የተመደበውን ስልሳ አራት ሜጋባይት በግማሽ ቆርጣ ሠላሳ ሁለት አደረገችው። አስነሳች። ስድስቱም መስኮቶች ተከፍተው ስድስት ፓምፖች ውሃ መግፋት ጀመሩ። ብቻዋን አጨበጨበች። ጠርጣራው ቀና ብሎ «ምነው?» ሲላት «ነገ ታያለህ» አለችው።

ነገ መጣ። እንግዳዋ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ዕድሜያቸው ከቆንቋና እናት ብዙም የማያንስ ሴት ናቸው። ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ አለቃውና ጠርጣራው ከጎንና ከጎን ተቀምጠዋል፤ የላፕቶፑ ገጽ ግድግዳው ላይ ሰፍቶ ይታያል። ቆንቋና ልትጀምር ስትል እንግዳዋ ከቦርሳቸው ፍላሽ አወጡ።

«ትናንት የጨረስነው አዲሱ ፈርምዌር ነው። ካላስቸገርኩሽ በዚህኛው ብናየውስ?»

ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ «መጀመሪያ ልሞክረው» ይላል። ቆንቋና «ምን ችግር አለው!» አለች። ፍላሹን ሰካች፤ አሮጌውን ፈርምዌር በአዲሱ ተካች፤ እጇን እንደ አስማተኛ ከፍ አድርጋ ቁልፉን ነካች።

ስድስት መስኮቶች ተከፈቱ። ስድስቱም ጥቁር።

«ለመነሳት ትንሽ ጊዜ ይወስዳል» አለች።

ትንሹ ጊዜ አለፈ። መስኮቶቹ እንደ መቃብር ዝም አሉ።

«የፕሮጀክተሩ ገመድ ይሆናል» ብላ ነቅላ ሰካችው። ግድግዳው ላይ ያው ጥቁር፣ አሁን ግን ጥርት ያለ ጥቁር። ላፕቶፑን አጥፍታ አበራች። እስኪነሳ ድረስ ስለ አየሩ አወራች። እንደገና አስነሳች፤ ስድስት ጥቁር መስኮት። አለቃው ውሃ ቀዳ፤ ለማን እንደቀዳ ስላላወቀ ራሱ ጠጣው። ይሄን ጊዜ ቆንቋና ወደ ጠርጣራው ዞራ «ትናንት የነካካኸው ነገር አለ እንዴ?» አለችው፤ ድምፅዋም ትንሽ ቆጣ ያለ ነበር።

«የለም» አለ ጠርጣራው። «ምናልባት ግን...»

«ቆይ፣ ቆይ» አለችው። ምናልባቱን አላስጨረሰችውም። ደጋግማ የምትቆጭበት ቦታ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ሊል የነበረውን እሱም እሷም አሁን ያውቁታል።

ከገመዱ፣ ከላፕቶፑና ከጠርጣራው ቀጥሎ የቀረ ጥፋተኛ አንድ ነበር። ቆንቋና ትሕትና የተሞላበት ድምፅ አወጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ችግሩ ፈርምዌሩ ላይ ሳይሆን አይቀርም። የጻፈው ሰው ትንሽ ተቻኩሎ ይሆናል። ያጋጥማል።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ እንግዳዋ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ያን ጊዜ ደስታዋ ነበር። ክፍሉ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መሬት ብትከፈትም የምትደርሰው የሦስተኛው ፎቅ የሒሳብ ክፍል ነው።

እንግዳዋ አልተቆጡም። መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉና ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉ። «መቻኮሉንስ ተቻኩዬ ነበር፤ እውነትሽን ነው። ለመሆኑ ስንት ሜሞሪ ሰጠሽው?»

«ሠላሳ ሁለት» አለች ቆንቋና። ትናንት ብቻዋን ያጨበጨበችለት ቁጥር ነው።

«አሃ። በሠላሳ ሁለትማ የሚነሳው አሮጌው ነው። አዲሱ ሲነቃ ራሱን ከሠላሳ ሁለት በላይ ወዳለው ሜሞሪ አዛውሮ ነው ሥራ የሚጀምረው። ስልሳ አራት ካላገኘ የሚዛወርበት ቦታ የለውም።»

ቆንቋና ሁሉንም ወደ ስልሳ አራት መለሰች። እንዲህ ሲሆን ላፕቶፑ የሚችለው ሦስት ማሽን ብቻ ነበር። ሦስቱም ወዲያው ተነሱ። ሦስት ፓምፖች ውሃ ገፉ። አለቃው መጀመሪያ የጠየቀው እንግዲህ ሦስት ነበር፤ እሱም ይህንን በዓይኑ ነገራት።

እንግዳዋ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ። ማሽኑ ለምን ዝም አለ? 'ሜሞሪ አነሰኝ' ማለት አይችልም?»

አለቃው ቆንቋናን አየ። ቆንቋና ጠርጣራውን አየች። ጠርጣራው ጫማውን አየ። በአንዲት ቃል ሊያጋልጣት ይችል ነበር፤ ትንፍሽ አላለም። ምነው በተናገረ! ቢናገር ትናደድበት ነበር፤ ንዴት ደግሞ ከሐፍረት በብዙ ይሻላል።

ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን አይታ ከወንበሯ ተነሳች። እናቷ ጡረታ እስክትወጣ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወሬ በጆሮዋ ሲያልፍ ኖሮ ዝም ማለት ግዴታዋ ስለነበር፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ያንን ሁሉ ዝምታ እያካካሰች ነው።

«ምን ሆንሽ ልጄ? አባረሩሽ?»

«አላባረሩኝም እማዬ። ማሽኑ እንግዳ ፊት አልነሳ አለኝ። ሜሞሪ አንሶት ነው።»

«ሜሞሪ ማለት ያው ማስታወሻው አይደል? አረጀ ማለት ነዋ! እኔም መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኝ ስፈልግ ነው የዋልኩት።»

«ራስሽ ላይ ነው እማዬ።»

«አየሽ? አንዳንዴ የሚነግርሽ ሰው ካለ ይበቃል» አለች እናቷ፣ መነጽሯን ወደ ዓይኗ እያወረደች። ለምክር ብላ አልነበረም፤ እንዲሁ ደስ ብሏት ነው። ቆንቋና ግን እራቷን እየበላች ያቺን ነገር አላመጠቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ይዛ ጠርጣራው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች። ይቅርታ የሚባለውን ነገር እንዴት እንደሚጀምሩት ስላላወቀች በሌላ በኩል ዞራ ገባች።

«ያቺ ማጣሪያህ አለች?»

«የትኛዋ?»

«ታውቃታለህ።»

«ሐኪም የታዘዘላት?» አለ። ሳቅ እያለ ነበር፤ ሻይዋንም ተቀበላት። ቆንቋና ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«በሽተኛዋ እኔ ነኝ። አምጣት፣ አጸድቃታለሁ።»

ጠርጣራው ሻዩን አስቀመጠ። «አንቺ ጻፊያት። ጥቁር መስኮት ፊት የቆምሽው አንቺ ነሽ፤ ምን መባል እንዳለበት ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አይቼ አጸድቃለሁ።»

ቆንቋና ጻፈች። ቁም ነገሩ ያለው መልእክቱ ላይ ነው ብላ ብዙ ተጨነቀችበት። መጀመሪያ «ሜሞሪ አነሰ» ብላ ነበር፤ አጠፋችው። ያን ቀን ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ «ሜሞሪ አነሰ» የሚል ብታይ ምን ያህል እንደሚበቃ መልሳ እንግዳዋን መጠየቋ አይቀርም ነበር። የሰጠችውንም የሚፈልገውንም ቢነግራት ኖሮ ግን ማንንም ሳትከስ ታስተካክለው ነበር። ስለዚህ መልእክቱ ሁለቱንም እንዲናገር አደረገች፦ ለዚህ ማሽን የሰጡት ሜሞሪ ይህን ያህል ነው፤ ይህ ፈርምዌር ቢያንስ ይህን ያህል ይፈልጋል። ሠላሳ ሁለት ሰጥታ ሞከረችው፤ ማሽኑ ቆሞ በትሕትና ተናገረ። መቶ ሃያ ስምንት ሰጥታ ሞከረችው፤ ተነሳ። ለጠርጣራው ላከችለት፤ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ሳትቀመጥ አጸደቀላት። አዲሱ ሥራ ለፓምፕ ፋብሪካው ተላከ። ቆንቋና ያን ቀን ዕዳዋን የከፈለች ያህል ቀለላት።

ከዚያ ስልክ ተደወለ። እንግዳዋ ናቸው።

«የላካችሁትን አዲሱን አየሁት» አሉ።

«እንዴት ነው? ተመቸዎት?»

«መነሳቱን አልተነሳም። ግን አሁን ይናገራል። እሱ ትልቅ ነገር ነው።»

ቆንቋና ደስ አላት፤ ማሽኑ ካልተነሳ እንግዳዋ ሜሞሪ አሳንሰዋል ማለት ነው። እሳቸውም እንደሷ! «ምን ይላል?» አለች፣ የሐኪም ዓይነት ድምፅ እያወጣች።

«ላንብብልሽ? 'ለዚህ ማሽን የሰጡት ሜሞሪ ስልሳ አራት ሜጋባይት ነው፤ ይህ ፈርምዌር ቢያንስ ስልሳ አራት ሜጋባይት ይፈልጋል' ይላል።»



«እና ልጄ» አሉ እንግዳዋ፣ «እኔ ስልሳ አራት ሰጥቼዋለሁ። እሱም ስልሳ አራት ነው የሚፈልገው። በምን ተጣላን?»

ቆንቋና አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳቅ ነበር። ልትመልሰው ብትሞክርም አልተመለሰላትም። እንግዳዋም ወዲያ ማዶ ሲስቁ ይሰማታል። «አሁኑኑ አስተካክላለሁ፣ ይቅርታ» አለች ሳቋ እያቆራረጣት። «የርስዎ ፈርምዌር ምንም አላደረገም። መልእክቱን የጻፈችው ሰው ተቻኩላ ነው።»

ጥፋቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም። «ሜሞሪው ካነሰ አቁም» ማለት ሲገባት «ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ አቁም» ብላ ኖሯል። አንዲት ምልክት ናት፤ ከጥርስ ሳሙና ክዳን ታንሳለች። ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። ስትሞክረው ሠላሳ ሁለትን ሞከረች፣ መቶ ሃያ ስምንትን ሞከረች፤ ስልሳ አራትን ራሱን ግን አልነካችውም። ለማሽን ከልኩ አስበልጣ ሜሞሪ ሰጥታ የማታውቅ ሴት፣ ለጋስ ለመሆን የመረጠችው ቀን ያ ሆነ።

ወንበሯን ገፍታ ወደ ጠርጣራው ዞረች። «አንተ! ይሄን እንዴት አለፍከው? ተቆልፎ ያደረ በር የምትነቀንቅ ሰውዬ!»

ጠርጣራው መስመሩን አየው። ፊቱ ተለዋወጠ። ጸጉሩን አሸት አሸት አደረገ።

«አላየሁትም» አለ።

«እያየኸው ነው እኮ ያጸደቅከው።»

«አይ፣ ከነጭራሹ አላነበብኩትም።» ድምፁ ከወትሮውም ዝቅ ብሎ ነበር። «አንቺ ማጣሪያ ጽፈሽ ለኔ ስትልኪልኝ... እንዴት ልበልሽ፣ ደስ አለኝ። ስህተት ብፈልግባት ትቀየሚያለሽ፣ ሁለተኛም አትጽፊም ብዬ ሰጋሁ። ከፈትኳት፣ ርዕሷን አየሁ፣ አጸደቅኳት።»

ቆንቋና ልትቆጣ ፈለገች፤ አንጀቷ አልቆርጥ አላት። ሐኪም እዘዙለት ብላ ያሳቀችበት ሰው እሷን እንዳያስቀይም ሲጠነቀቅ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሳይጠረጥር አለፈ። ለዚያች አንድ ጊዜ የመረጣት ደግሞ እሷን ነው።

«ስማ» አለችው። «ሁለተኛ እንዳታዝንልኝ። እንደ ጠላት አንብበኝ።»

«እሺ» አለና ወንበሩን ወደሷ ሳበ። አንድ ላይ ተቀምጠው አስተካከሉት። ስልሳ ሦስት ሰጡት፤ ቆመ፣ ተናገረ። ስልሳ አራት ሰጡት፤ ተነሳ። ስልሳ አምስት ሰጡት፤ ተነሳ። ጠርጣራው «ዜሮ ብንሰጠውስ?» አለ። ከዚህ በፊት ቢሆን ትስቅበት ነበር። ሰጡት፤ ማሽኑ ባይነሳም ምክንያቱን አስረዳ። ቀጥሎ «ከዜሮ በታች ቢሰጡትስ?» ሲላት ግን ዓይኑን አየችው፤ ሊያስቃት ፈልጎ እንደሆነ ለማወቅ ብላ ነው። አልነበረም። ሞከሩት። ሳይሞከር ቢቀር ይሻል ነበር፤ እሱን ማስተካከል ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በላ።

ከዚያ በኋላ ሌላው ሰው ሳይነግረው በፊት ራሷ ልትነግረው ብላ ወደ አለቃው ገባች። አንገቷን ደፍታ ጀመረች፤ አለቃው እጁን አነሳ።

«ሰምቻለሁ። ሴትዮዋ ደውለውልኝ ነበር።»

«እና ሥራውን ከኛ ወሰዱት?»

«አልወሰዱትም። እንዲያውም ቦርዶቹ እስኪደርሱ ድረስ ፋብሪካቸው ሄዶ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ። 'ያቺን ልጅ ላክልኝ' አሉ።»

ቆንቋና በትክክል ያልሰማች መስሏት «እኔን?» አለች።

«አንቺን። እኔም ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው» አለ አለቃው፤ ደስ ያለው አይመስልም፣ የከፋውም አይመስልም። «'የሌሎቹን ስህተት የማገኘው ፓምፑ ከተተከለ በኋላ ነው። የሷ ግን እዚያው ፊቴ ላይ ነው የሚፈነዳው፤ ደግሞ ስስቅባት ትስቃለች' አሉኝ። ይሄ ሙገሳ ይሁን አይሁን አንቺው ድረሽበት። ሰኞ ትጀምሪያለሽ።»

ማታ ቤት ገብታ ለእናቷ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። እናቷ በጥሞና ሰማቻት፤ መሀል ላይ አላቋረጠቻትም፤ ይህ ራሱ ብርቅ ነው። ስትጨርስ እጇን ይዛ ጉንጯን ሳመቻት፤ ከዚያም ስልኩን አንስታ እህቷ ጋ ደወለች።

«ሰማሽ?» አለች። «ልጅቷን ትልቅ ፋብሪካ መርጧት ወሰዳት!... አዎ፣ ካሉት ሁሉ መርጠው!... ለምን እንደሆነማ...» ዞር ብላ ቆንቋናን አየቻት።

ቆንቋና ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሳህን እያደረቀች «ንገሪያት እማዬ» አለች። «በስህተቴ ነው በያት።»

እናቷ የስልኩን አፍ በእጇ ሸፈነች። «ዝም በይ አንቺ! ለሰው እንዲህ ይባላል?» አለቻትና ወደ ስልኩ ተመልሳ፣ ልጇ በጥንቃቄዋ አገር ያወቃት መሆኗን አንድ በአንድ ማስረዳት ጀመረች።